«ክፍት ስታንዳርድ ይደግፋል» የሚለው መስመር አይበቃም

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የስልክ፣ የቪዲዮ ስርጭትና የኔትወርክ ደኅንነት ሥርዓቶችን ለሚገዙ ተቋማት የአይሲቲና የግዥ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ በጨረታ ሰነድ ላይ ስለ ፕሮቶኮሎች የሚሰፍረውን መስፈርት ይመለከታል

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የመገናኛ መሣሪያ በሚገዛበት የጨረታ ሰነድ ውስጥ «ክፍት ስታንዳርዶችን የሚደግፍ» የምትል መስመር አትጠፋም። ተጫራቹ ሁሉ ከአጠገቧ «አዎ» ብሎ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜም አልዋሸም። ችግሩ የሚመጣው ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ተቋሙ ተጨማሪ ስልክ ከሌላ አምራች ልግዛ፣ ቅርንጫፌን በሌላ ፋየርዎል ላገናኝ፣ የተቀረጸውን ቪዲዮ ወደ ሌላ ሥርዓት ላዛውር ሲል ነው። ድጋፉ በየትኛው ጫፍ ላይ እንደነበረ የሚታወቀው ያኔ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ያቺን መስመር ሰርዛችሁ በምትኳ ሊፈተሽ የሚችል ነገር እንድታሰፍሩ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ፕሮቶኮል (መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ደንብ) ክፍት ነው ሲባል ቢያንስ ሦስት ጉዳዮች ይደባለቃሉ፦ ዝርዝር መግለጫው ታትሞ ማንም ሊያነበው ይችላል ወይ፣ ያለ ፓተንት ክፍያ ሊሠራበት ይቻላል ወይ፣ ነገ የሚቀይረውስ ማን ነው። ሦስቱ አብረው አይሄዱም። የቪዲዮ ስርጭት ፕሮቶኮሉ ኤችኤልኤስ በ2017 አርኤፍሲ 8216 ሆኖ ታትሟል (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎች መግለጫ የሚወጣበት ባለ ቁጥር ሰነድ ነው)፤ አቅጣጫውን የሚወስነው ግን አፕል ነው። የቪዲዮ መጭመቂያው ኤች.264 ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኖ ሳለ በፓተንት የታጠረ ኖሯል። አዶቤ የአርቲኤምፒን (የቪዲዮ መላኪያ ፕሮቶኮል ነው) መግለጫ ሲያወጣ የተመሰጠረውን ቅጂ፣ አርቲኤምፒኢን፣ አላካተተም። በሌላ በኩል ኮዱ ለሁሉም የተለቀቀ ሆኖ ከራሱ ሰርቨር በቀር ከማንም ጋር የማይነጋገር መተግበሪያም ሞልቷል። ስለዚህ ሦስቱን ለየብቻ ጠይቁ፤ ለእያንዳንዱም የስታንዳርዱን ቁጥር አስጽፉ። ቁጥር የሌለው መልስ ከሽያጭ ወረቀት የተገለበጠ ነው ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ አትሳሳቱም።

ከስልክ እንነሳ፤ እዚያ ያለው ወጥመድ የታወቀ ስለሆነ። ሲፕ በኔትወርክ ላይ የስልክ ጥሪ የሚያስጀምርና የሚዘጋ ፕሮቶኮል ነው። «ሲፕ ይደግፋል» የተባለው የስልክ ማዕከል ሲፕ የሚናገረው ከቴሌኮም አቅራቢው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ከማዕከሉ ጋር የሚነጋገረው በአምራቹ የራሱ ፕሮቶኮል ከሆነ (የሲስኮው «ስኪኒ» የቆየ ምሳሌ ነው) ስልኮቹን ከሌላ አምራች መግዛት አይቻልም። ሁለቱም በሲፕ ቢሠሩ እንኳ ጥሪ ማዛወር፣ የባልደረባን መስመር መያዝ የሚያሳየው መብራትና ስልኩን ከርቀት ማዋቀር በየአምራቹ ይለያያሉ። በሰነዱ ላይ «ከስልክ እስከ ማዕከል፣ ከማዕከል እስከ አቅራቢ፣ በሲፕ፣ በአርኤፍሲ 3261» ብላችሁ ሁለቱንም ክፍል ለይታችሁ ጻፉ።

ክፍት ፕሮቶኮል አይበላሽም ብለን ልናታልላችሁ አንፈልግም። እንዲያውም ሲፕ በብዛት ከሚያስቸግሩት አንዱ ነው። ልዩነቱ ሲበላሽ ምክንያቱ የሚታይ መሆኑ ነው። አንድ ብልሽት ቀረብ ብለን እንይ፦ ጥሪው ይነሳል፣ ሁለቱም ወገኖች ይሰማማሉ፣ ልክ 32 ሰከንድ ሲሞላ ይቋረጣል። ሁሌም 32። የተደወለለት ስልክ ሲነሳ «200 ኦኬ» የሚል መልስ ይልካል፤ ደዋዩም መልሱ እንደደረሰው ማረጋገጫ መመለስ አለበት። ማረጋገጫው ካልመጣ መልሱ እየተደጋገመ ይላካል። ስታንዳርዱ የያዘው መነሻ ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ የዚህ 64 እጥፍ ሲያልፍ ተቀባዩ ተስፋ ቆርጦ ጥሪውን ይዘጋል። ስሌቱ 32 ሰከንድ ይመጣል። ማረጋገጫው የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በመልሱ ውስጥ «ኮንታክት» በሚለው መስመር ላይ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ስለተጻፈ ነው። ደዋዩ ማረጋገጫውን ወደዚያ ይልካል፣ ያ አድራሻ ደግሞ ከግቢው ውጭ የለም።

መፍትሔው በማዕከሉ ላይ የውጭውን አድራሻ በትክክል መሙላትና በራውተሩ ላይ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባለውን አገልግሎት ማጥፋት ነው። ይህ አገልግሎት አድራሻዎቹን አስተካክላለሁ ብሎ መልእክቱን ይነካካል፤ ግማሹን ቀይሮ ግማሹን ሲተው ደግሞ ሌላ ብልሽት ይወልዳል። ድምፅ በአንድ በኩል ብቻ ሲሰማም ምክንያቱ የዚሁ ዘመድ ነው፦ የድምፁ አድራሻ የውስጥ ሆኖ ይላካል፣ ወይም የድምፅ ፖርቶቹ (ድምፁ የሚያልፍባቸው ባለ ቁጥር በሮች) በፋየርዎሉ ላይ አልተከፈቱም። አስተሪስክ በተባለው ነፃ የስልክ ማዕከል ሶፍትዌር የናሙና ማዋቀሪያ ላይ ከ10000 እስከ 20000 በዩዲፒ (መረጃው መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልክ ፕሮቶኮል) ናቸው፤ የሲፕ ፖርት የሆነውን 5060ን ብቻ ከፍቶ «ኔትወርኩ ዝግጁ ነው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

ይህን ሁሉ ማንኛውም የኔትወርክ ባለሙያ ዋየርሻርክን (በኔትወርኩ የሚያልፉትን ቁራጭ መልእክቶች፣ ፓኬቶችን፣ የሚያሳይ ሶፍትዌር) ከፍቶ በሃያ ደቂቃ ሊያየው ይችላል። ዝግ ፕሮቶኮል ላይ ግን ያው ብልሽት ሲከሰት የሚታየው ትርጉሙ የማይታወቅ የፓኬት ክምር ነው። ቅሬታ ተመዝግቦ የአምራቹን መሐንዲስ መጠበቅ ይመጣል፤ የድጋፍ ውሉ ካላለቀ ማለት ነው።

የድምፅ ምስጠራ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አትዝለሉ። ኤስአርቲፒ የጥሪውን ድምፅ የሚመሰጥር ፕሮቶኮል ነው፤ «ኤስአርቲፒ አለው» የሚለው መልስ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ኤስአርቲፒ ቁልፉን በአርኤፍሲ 4568 መንገድ ሲለዋወጥ ቁልፉ የሚጓዘው በጥሪው መልእክት ውስጥ «ክሪፕቶ» በሚል መስመር ላይ ተጽፎ ነው። መልእክቱ በ5060 ፖርት ሳይመሰጠር ከሄደ፣ ድምፁን የጠለፈ ሰው ቁልፉንም አብሮ አግኝቷል። ስለዚህ ሲፑ ራሱ በቲኤልኤስ ምስጠራ (በተለምዶ በ5061 ፖርት) መሄድ አለበት፤ ወይም ቁልፉ በዲቲኤልኤስ (የቲኤልኤስ የዩዲፒ ቅጂ) በኩል፣ በአርኤፍሲ 5764 መሠረት፣ መለዋወጥ አለበት። በድር ማሰሻ ውስጥ ጥሪ የሚያስችለው ዌብአርቲሲ የሚጠቀመው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን ጭራሽ አይፈቅድም።

ስለ ጽሑፍ መልእክት ብዙ አንልም። በ1982 መግለጫው የታተመው ኤስኤምቲፒ ዛሬም ማንኛውንም የኢሜይል አቅራቢ ከማንኛውም ጋር ያገናኛል። ጎግል ቶክ በ2005 ሲጀመር በክፍቱ የመልእክት ፕሮቶኮል በኤክስኤምፒፒ ላይ ተሠርቶ፣ በኋላም ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ይነጋገር ነበር፤ በ2013 በሃንግአውትስ መተካት ሲጀምር ያ በር ተዘጋ። ስካይፕ በሜይ 2025 ሲዘጋ ፕሮቶኮሉን ወርሶ አገልግሎቱን የሚያስቀጥል ሌላ ሰርቨር ሊኖር አይችልም ነበር። የመልእክት ሥርዓት ስትገዙ እንደ ማትሪክስ ወይም ኤክስኤምፒፒ ያለ ክፍት ፕሮቶኮል ይሁን ብለን አንጫናችሁም፤ ግን መልእክቶቹ፣ ፋይሎቹና የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር መዋቅሩ በሰነድ በተገለጸ ፋይል መውጣት መቻላቸውን ከመፈረማችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ለቡድን መልእክት ምስጠራ በ2023 አርኤፍሲ 9420 ሆኖ የወጣው ኤምኤልኤስ ስላለ፣ «የራሳችን ልዩ ምስጠራ» የሚል ተጫራች ለምን እንዳስፈለገው ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።

ወደ ቪዲዮ ስርጭት ስንመጣ መጀመሪያ መለየት ያለበት ከካሜራው ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው መንገድና ከሰርቨሩ ወደ ተመልካቹ የሚወርደው መንገድ ነው። በሰነዶች ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው «ስትሪሚንግ» ተብለው ይቀመጣሉ። አርቲኤምፒ፣ የድር ማሰሻ ቪዲዮ ማጫወቻው ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ሲያበቃ፣ ከተመልካቹ በኩል ሞቷል፤ ወደ ሰርቨር በመላኪያነት ግን በ1935 ፖርት እስከ ዛሬ አለ። ሁሉም ፓኬት በቅደም ተከተል እንዲደርስ በሚያስገድደው በቲሲፒ ላይ ስለሚሄድ አንድ ፓኬት ሲጠፋ ከኋላው ያለው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ደካማ መስመር ላይ ምስሉ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው።

ሃይቪዥን የተባለው ኩባንያ በ2017 ኮዱን የለቀቀው የቪዲዮ መላኪያ ፕሮቶኮል ኤስአርቲ (ከላይ ካነሳነው ኤስአርቲፒ ጋር በስም እንጂ በሥራ አይገናኝም) በዩዲፒ ላይ የጠፋውን ፓኬት ብቻ አስመልሶ ይጠይቃል። ጥሩ ፕሮቶኮል ነው፤ ግን ከካርቶኑ እንደወጣ መጠቀም ውጤቱን ያበላሻል። መዘግየቱ አስቀድሞ የተቀመጠው 120 ሚሊሰከንድ ላይ ነው። የመስመሩ የደርሶ መልስ ጊዜ 180 ሚሊሰከንድ ከሆነ የጠፋው ፓኬት ተጠይቆ እስኪመጣ ማሳያ ጊዜው አልፏል። ምስሉ በካሬ በካሬ ይበጣጠሳል፣ ጥፋቱም «ኢንተርኔቱ» ላይ ይላከካል። የተለመደው ልኬት የደርሶ መልስ ጊዜውን በ4 ማባዛት ነው፤ በምሳሌያችን 720 ሚሊሰከንድ። ላኪና ተቀባይ የተለያየ ቁጥር ቢሞሉ ትልቁ ስለሚጸና በአንዱ ጫፍ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ለመልሶ መላኪያም ከቪዲዮው መጠን በላይ ሩብ ያህል ትርፍ መስመር ተዉ፤ 8 ሜጋቢት የሚያወጣ ኢንኮደር (ቪዲዮውን ጨምቆ የሚልከው መሣሪያ) በ8 ሜጋቢት መስመር ላይ አይቀመጥም። የይለፍ ሐረጉ ቢያንስ 10 ፊደል ነው፤ ባዶ ከተተወ ምስጠራ የለም፣ ይህንንም የሚያስጠነቅቅ መልእክት ሁሉም መሣሪያ ላይ አይወጣም።

በተመልካቹ በኩል ኤችኤልኤስና አቻው ዳሽ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። በጣም የሚያከራክረው መዘግየቱ ስለሆነ ስሌቱን እወቁት፦ ቪዲዮው በ6 ሰከንድ ክፍል ተቆርጦ ማጫወቻው ከቀጥታው ሦስት ክፍል ወደ ኋላ ሲጀምር፣ ኢንኮደሩና ኔትወርኩ ሳይቆጠሩ 18 ሰከንድ ነው። «ከ5 ሰከንድ በታች» ብሎ መጠየቅና በዚያው ሰነድ የ6 ሰከንድ ክፍል ማዘዝ አብረው አይሄዱም። ክፍሉ የሚቆረጠው ሙሉ ምስል (በሌሎቹ ምስሎች ላይ ሳይደገፍ ብቻውን የሚታይ) ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ኢንኮደሩ ሙሉ ምስል በየ4 ሰከንዱ እየላከ ክፍሉ 6 ይሁን ከተባለ፣ የሚወጣው 8 ሰከንድ ነው። ሙሉ ምስሉን በየ2 ሰከንዱ አድርጉት፤ ግማሽ ሰከንድ ለሚጠይቅ ሁለትዮሽ ውይይት ደግሞ ዌብአርቲሲን ተጠቀሙ።

እዚህ ላይ ዝጉን የምንቀበልበት ቦታ አለ። የፊልም ባለመብቶች ቪዲዮ እንዳይገለበጥ የሚጠብቁትን ዋይድቫይንን፣ ፌርፕለይን ወይም ፕለይሬዲን ካዘዙ አማራጭ የላችሁም፤ ሦስቱም የየኩባንያው ንብረት ናቸው። ቢያንስ ቪዲዮው አንድ ጊዜ ተመስጥሮ በሦስቱም ቁልፍ እንዲከፈት በጋራ ምስጠራ ስታንዳርዱ ይዘጋጅ። የስብሰባ ንግግርና ሥልጠና ለምታሰራጩ ግን ይህን ጥበቃ የሚሸጥላችሁ ሰው የማትፈልጉትን እየሸጠላችሁ ነው።

ደኅንነት ላይ ቃላችንን ጠበቅ እናደርጋለን። የምስጠራ ሊቁ ከርክሆፍስ በ1883 የጻፈው መርሕ፣ የምስጠራው አሠራር በጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ቁልፉ ብቻ ምስጢር ሆኖ ሊያድን ይገባል ይላል። ይህን የናቁ ሥርዓቶች የደረሰባቸውን ለማየት ቴትራን ውሰዱ፤ በብዙ አገሮች ፖሊስና የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የሬዲዮ ስታንዳርድ ነው። የሬዲዮ መግለጫው ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታተመ ነበር፤ በመካከሉ ያሉት የምስጠራ ቀመሮች ግን በምስጢር ተያዙ። በ2023 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ቀመሮቹን ከመሣሪያው ውስጥ አውጥተው ሲመረምሩ፣ ቲኢኤ1 የተባለው 80 ቢት ነው የሚባለውን ቁልፍ ውስጥ ለውስጥ ወደ 32 ቢት እንደሚያሳንሰው አገኙ። 32 ቢት ማለት 4.3 ቢሊዮን ያህል ሙከራ ነው፤ ለተራ ኮምፒውተር ቀላል ሥራ። የስታንዳርዱ ባለቤት ኢቲኤስአይም በዚያው ዓመት ቀመሮቹን ለሕዝብ ለማውጣት ወሰነ። ገዢዎቹ «ክፍት ስታንዳርድ» ብለው ነበር የገዙት።

የታተመ ሁሉ ጽኑ ነው ማለትም አይደለም። የዋይፋዩ ምስጠራ ዌፕ በታተመ ስታንዳርድ ውስጥ ነበር፣ በ2001 ተሰበረ። ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው ክፍት የምስጠራ ሶፍትዌር ኮድ ውስጥ የነበረው ሃርትብሊድ የተባለ ጉድለት በ2014 እስኪታወቅ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል በሁሉም ዓይን ፊት ቆይቷል። ልዩነቱ ጉድለቱ ከተገኘ በኋላ ነው፦ ማን ተጋላጭ እንደሆነ በሰዓታት ውስጥ በውጭ ሰው ሊፈተሽ ቻለ።

በተግባር ስንመጣ ቅርንጫፎችን በተመሰጠረ መስመር፣ በቪፒኤን፣ ለማገናኘት አይፒሴክን በቁልፍ መለዋወጫው በአይኬኢ ስሪት 2 (አርኤፍሲ 7296) ወይም ዋየርጋርድን ጠይቁ። የመጀመሪያው በዩዲፒ 500 እና 4500 ይሠራል፤ በሁለቱ ጫፎች የምስጠራው ዓይነትና የዲፊ-ሄልማን ቡድኑ (ቁልፍ የሚለዋወጡበት ስሌት) ካልተመሳሰሉ አይገናኝም፣ ስለዚህ «ኤኢኤስ-256 ጂሲኤም፣ ቡድን 19 ወይም 20» ብላችሁ ቁርጡን ጻፉ። ዋየርጋርድ ይህን ምርጫ ጨርሶ ስላስቀረ ስሕተት የሚገባበት በር ጥቂት ነው፤ ከማርች 2020 ጀምሮም በሊኑክስ ከርነል 5.6 ውስጥ አለ። የቆየውን የቪፒኤን ፕሮቶኮል ፒፒቲፒን የሚያቀርብ ተጫራች ይውደቅ። በየፋየርዎል አምራቹ «ኤስኤስኤል ቪፒኤን» እየተባሉ የሚሸጡት ደግሞ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ የአንዱ መተግበሪያ ከሌላው ሳጥን ጋር አይገናኝም።

ዋሻው (የተመሰጠረው መስመር) ከተዘረጋ በኋላ የሚመጣው የተለመደ ብልሽት ይህ ነው፦ ፒንግ ያልፋል፣ ትንሽ ገጽ ይከፈታል፣ ትልቅ ፋይል ግን ይንጠለጠላል። የዋየርጋርድ የፓኬት መጠን በተለምዶ 1420 ባይት ነው። ከሥሩ ያለው መስመር ከ1500 ይልቅ 1492 ብቻ የሚያሳልፍ ፒፒፒኦኢ (የኢንተርኔት አቅራቢ የማገናኛ ዘዴ) ከሆነ ወደ 1412 መውረድ አለበት። አንዱ ፋየርዎል «ፓኬቱ ትልቅ ነው» የሚለውን የአይሲኤምፒ መልእክት ከጣለ ላኪው መቀነስ እንዳለበት አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። በዋሻው ውስጥ ስልክ የምታሳልፉ ከሆነም ስሌቱን ያዙ፦ ጂ.711 የተባለው የድምፅ አቀራረጽ ራሱ 64 ኪሎቢት ነው፣ ከፓኬት ራስጌዎቹ ጋር 80፣ በዋየርጋርድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወደ 107 ይደርሳል።

ቲኤልኤስ ላይ ስሪት 1.0 እና 1.1 በ2021 በአርኤፍሲ 8996 ተሰርዘዋል፤ ዝቅተኛው 1.2፣ ተመራጩ 1.3 ይሁን። ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት ነው። በሕዝብ የሚታመኑ ሰርተፊኬቶች ዕድሜ ከማርች 2026 ጀምሮ ወደ 200 ቀን፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተወስኗል። ሰርተፊኬቱ በእጅ የሚጫንበት የስልክ ማዕከል ወይም የቪዲዮ ሰርቨር ዛሬ ብትገዙ፣ በ2029 ለእያንዳንዱ ሳጥን በዓመት 8 ጊዜ ያህል ሰው መመደብ ነው። ኤክሜ የተባለውን የራስ-ሰር ማደሻ ፕሮቶኮል፣ አርኤፍሲ 8555ን፣ የግዴታ መስፈርት አድርጉት። ዝግ ሳጥን ላይ ይህን በኋላ መጨመር በአምራቹ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት የርክክብ ፍተሻ ይደረግ፤ ፍተሻውም ከአቅራቢው ባልመጣ ሁለተኛ መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር ይሁን። ለስልኩ የሌላ አምራች ስልክና እንደ ሊንፎን ያለ ነፃ ሶፍትዌር አስመዝግባችሁ ደውሉ፣ ያዙ፣ አዛውሩ፣ 10 ደቂቃ ተነጋገሩ፤ በዋየርሻርክ ቅዱና የ«ክሪፕቶ» መስመሩ በግልጽ አለመታየቱን አረጋግጡ። ለቪዲዮው የኢንኮደሩን ውጤት በነፃው የቪዲዮ ሶፍትዌር በኤፍኤፍኤምፔግ ተቀበሉ፤ መካከል ላይ በተቀመጠ የሊኑክስ ማሽን በ«ቲሲ» ትእዛዝ በሁለቱም አቅጣጫ 90 ሚሊሰከንድ መዘግየት፣ በቪዲዮው አቅጣጫ 2 በመቶ የፓኬት ጥፋት ጨምራችሁ ምስሉ ሳይበጣጠስ 30 ደቂቃ ይቆይ። ለቪፒኤኑ ሌላውን ጫፍ ስትሮንግስዋን በተባለው ነፃ የአይፒሴክ ሶፍትዌር አቁሙና 100 ሜጋባይት ፋይል አሳልፉ። በመጨረሻም ማዋቀሪያውን፣ የጥሪ መዝገቡንና ቅጂዎቹን አስወጥታችሁ ያለ አቅራቢው ሶፍትዌር ክፈቷቸው። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የሚያስፈልገው ሶፍትዌርም ክፍያ የለውም።

ተጫራቹ «ይህ ፍተሻ በእኛ ምርት ላይ አይሠራም» ካለ መብቱ ነው፤ ምርቱም ለሌላው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ያን መልሱን ግን በጽሑፍ ይስጥ፣ በዋጋ ግምገማውም ውስጥ ከአምስት ዓመት በኋላ ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ የመቀየር ወጪ ተደምሮ ይወዳደር። ውል ፈርማችሁ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ የማስወጣት ሙከራውን አሁን፣ የድጋፍ ውሉ ሳያልቅና አቅራቢው ስልክ በሚያነሳበት ጊዜ አድርጉት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የኔትወርክ፣ የአይፒ ስልክና የቪዲዮ ስርጭት ባለሙያዎች